የመጀመሪያ ቤታችንን ልንገዛ ነው፣ አዳማ ላይ ኮንዶሚኒየም፣ ግቢ ያለው ቤት ወይስ ጅምር?

የሚጡ እናት፦

ሰላም ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ፣ እውነቴን ነው እንቅልፍ አጥቻለሁ። እኔና ባለቤቴ አዳማ ነው የምንኖረው፣ እኔ ፋርማሲ ውስጥ እሰራለሁ እሱ ትንሽ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለችው፣ ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ተከራይተናል፣ አሁን ያለንበትን ደግሞ አከራያችን ልጃቸው ከአረብ አገር ልትገባ ስለሆነ እስከ ሚያዝያ ልቀቁልኝ ብለውናል። ሌላ ኪራይ ቤት መግባት በቃን። በቁጠባና በእቁብ 2.6 ሚሊዮን ይዘናል፣ እህቴ ከውጭ 500 ሺህ ያለ ወለድ አበድራችኋለሁ ብላለች፣ የቀረውን ከባንክ ብንወስድ ብለን ነው። እናቴ አብራን ነው ያለችው፣ 67 ዓመቷ ነው ጉልበቷን በጣም ያማታል። ልጃችን አምስት ዓመቷ ነው፣ እግዜር ካለ አንድ መድገም እንፈልጋለን።

እስካሁን ያየናቸው አራት ናቸው። አንደኛው ኮንዶሚኒየም ነው ባለ ሁለት መኝታ ግን 3ኛ ፎቅ ላይ፣ 3.6 ሚሊዮን ብለውናል። ሁለተኛው መሃል ከተማ 160 ካሬ ላይ ያለ የድሮ ጭቃ ቤት ነው ከኋላው ሁለት ሰርቪስ አለው፣ አባትየው አርፈው ልጆቻቸው ናቸው የሚሸጡት፣ 4.2 ብለው እስከ 4 ይወርዳሉ ይላል ደላላው። ሦስተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ወንጂ መውጫ በኩል 200 ካሬ ላይ ያለ ጅምር ቤት፣ ብሎኬቱ አልቆ ቆርቆሮ ለብሷል ውስጡ ግን ምንም የለም፣ በር መስኮት ልስን መብራት ውሃ ሁሉም ቀሪ ነው፣ 2.9 ነው። አራተኛው ገና እየተሰራ ያለ አፓርታማ ነው 40 በመቶ ከፍላችሁ ቀሪውን በየደረጃው ይላሉ።

ባለቤቴ ጅምሩን ነው የሚፈልገው ቀስ እያልን እንጨርሰዋለን ይላል። እኔ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ነኝ ያለቀ ነው ነገ እቃ ጭኖ መግባት ነው። እማዬ ደግሞ ግቢ ግቢ ትላለች፣ ጎመን የምተክልበት አንድ ክንድ መሬት ይኑረኝ ነው የምትለው። ሦስታችንም ሦስት ቦታ ነን። ቤት ገዝታችሁ የኖራችሁበት ሰዎች ምን ትሉኛላችሁ፣ ብትደግሙት ምን ዓይነት ቤት ትገዙ ነበር?


ባለ አራተኛ ፎቅ፦

እህቴ እኔ አዳማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ። ጥሩውንም መጥፎውንም ልንገርሽ።

ጥሩው ነገር በሬን ቆልፌ መሄዴ ነው፣ ጥበቃ አለ ልጆች ታች አብረው ይጫወታሉ፣ ሰው ሲታመምብሽ በሩን የምታንኳኪው ጎረቤት አለ። ለሰራተኛ ሰው ግቢ መጥረግ አጥር ማደስ የሚባል ነገር የለም። ግን ደረጃው ደረጃ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ አራት ፎቅ ወጥቻለሁ ምክንያቱም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው ሲመጣም ታች ያሉት ሲቀዱ ላይ እኛ ጋ ጠብ አይልም፣ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ነው የምቀዳው። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመጨረሻው ፎቅ ምጣድ ነው፣ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የያዘውን ሙቀት ማታ ነው የሚለቅብን። 3ኛ ፎቅ ከላዩ ሌላ ፎቅ ካለ እሱ ይሻላል።

እንጀራ መጋገር፣ በርበሬ ማድረቅ፣ ለበዓል በግ ማረድ እነዚህን ሁሉ አስቢያቸው። ለዚህ የተሰራ የጋራ ቤት አለ ታች ግን በዓል ሲደርስ ወረፋ ነው፣ አንዳንዱ ብሎክ ላይ ደግሞ ሰው እቃ ማከማቻ አድርጎታል፣ ስለዚህ ቤቱን ብቻ ሳይሆን እሱን ቤት ክፈቱልኝ ብለሽ እዪው። እናትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን እኔ እንደ ልጅ ነው የምነግርሽ 3ኛ ፎቅ አትውሰጃቸው። የኔ እናት ልትጠይቀኝ ስትመጣ አንዴ ከወጣች ሳምንቱን ሙሉ አትወርድም ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አትሄድም፣ በመጨረሻ መምጣቱንም ተወችው። እሱ እስካሁን ያንገበግበኛል።


ያልጨረስኩት ቤት፦

የጅምር ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባልሽን እንዲያነበው አድርጊልኝ። እኛ በ2015 አጋማሽ ላይ ልክ እንደናንተ ጅምር ቤት ገዛን በስድስት ወር ጨርሰን እንገባለን ብለን፣ ሂሳቡን በወረቀት ሰርተን ነበር፣ ሴራሚኩ ይሄን ያህል አልሙኒየሙ ይሄን ያህል ብለን። ያኔ የሰራነው ሂሳብ በየሦስት ወሩ ነበር የሚፈርሰው፣ ከዛ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ከውጭ የሚገባው እቃ ሁሉ፣ ሽቦው ሴራሚኩ የመታጠቢያ ቤት እቃው፣ ያለቅጥ ወጣ። ኪራይ እየከፈልን ጅምር ቤት ማስጠበቅ እየከፈልን ሁለት ዓመት ቆየን። በመጨረሻ አንድ ክፍልና ሽንት ቤቱን ብቻ ጨርሰን ገባንበት፣ ሳሎኑ እስካሁን ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

ሌላው ጎርፍ ነው። አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ ናት እሷ ሳህን ውስጥ ነው የተቀመጠችው፣ ክረምት ላይ ከላይ የዘነበው ሁሉ ወደ ታች ነው የሚመጣው። እኛ ቤቱን ያየነው በጥር ነበር፣ አቧራ እንጂ ውሃ የሚባል ነገር አልታየንም። ነሐሴ ላይ ጎርፉ በአጥሩ ስር ገብቶ ግቢውን ሞላው፣ የገዛነው ሲሚንቶ 18 ኩንታል ድንጋይ ሆነ። ጎረቤት ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ይነግሩን ነበር፣ አልጠየቅንም፣ ደላላው ደግሞ ለምን ይነግረናል።

አትግዙ ማለቴ አይደለም፣ ቤቱን አሁን እወደዋለሁ፣ ልጆቼ ግቢ ውስጥ ሲሮጡ ሳይ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምለው። ግን 2.9 የቤቱ ዋጋ አይደለም፣ መግቢያው ነው።


የሚጡ እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። የእናትሽን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። ለባለቤቴ አስነበብኩት ሁሉንም፣ ዝም ብሎ ቆይቶ "እሺ ግን ጭቃ ቤቱስ" አለኝ። ስለ ጭቃ ቤቱ የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ደላላው ሌላ ገዢ አለ ቀብድ ቶሎ ካላሰራችሁ ያመልጣችኋል እያለ በቀን ሦስቴ ይደውላል።


ውል ፀሐፊው፦

ደላላው ይደውል፣ እናንተ ረጋ በሉ። ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠው ሰው ሃሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው እምቢ ካለ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፣ ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያዩ ቀብድ ማለት በባዶ ሜዳ ገንዘብ ማስያዝ ነው።

የሟች ቤት ነው ብለሻል። መጀመሪያ ጠይቂ፦ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተዋል ወይ? ስንት ልጆች ናቸው? እናትየው አሉ ወይ? ከወራሾቹ አንዱ እንኳ ካልፈረመ ነገ መጥቶ ድርሻዬን የማለት መብት አለው። እኔ ያየሁት ጉዳይ አለ፣ አምስት ወንድማማቾች አራቱ ፈርመው አንዱ ደቡብ አፍሪካ ነበር፣ ገዢው "እሱ ችግር የለበትም ይስማማል" ሲባል አምኖ ከፈለ፣ ሰውዬው ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ፣ ገዢው ቤቱን አፍርሶ ጂ ፕላስ 1 ጀምሮበት ነበር። ያ ጉዳይ ዓመታት ፈጀ። በውክልና የሚሸጥ ወራሽ ካለ ደግሞ ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ የሚል መሆኑን እዩ፣ አሁንም ያልተሻረ መሆኑን አጣሩ፣ ወካዩ በሕይወት መኖሩንም ጭምር፣ ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛ መሃል ከተማ ያለ የድሮ ቤት ነባር ይዞታ፣ ማለት ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ፣ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። በሊዝ አዋጁ በ721/2004 መሰረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ሲተላለፍ ባለበት ይቀጥላል፣ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ቦታውን በሊዝ፣ ማለት ለመንግስት እየከፈለ ለተወሰነ ዘመን፣ ነው የሚይዘው። ስለዚህ እነሱ የማይከፍሉትን እናንተ ትከፍላላችሁ። በየዓመቱ ስንት እንደሚመጣ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ በዛ ቦታ ደረጃ ጠይቃችሁ በሂሳባችሁ ውስጥ አስገቡት። መኖሪያ ቤት በሊዝ እስከ 99 ዓመት ነው ስለዚህ ዘመኑ አያስፈራም፣ የሚያስፈራው ያላሰብከው ወጪ ነው።

አራቱም ቤት ላይ ሳትሰለቺ የምትጠይቂው አንድ ነገር ደግሞ የእዳና እገዳ ማጣሪያ ነው። ካርታ በእጁ ይዞ ቤቱን ባንክ አስይዞ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ካርታው ኮፒ ከሆነማ ቶሎ ነቃ በሉ። ማጣሪያውን ራሳችሁ ሄዳችሁ አውጡ፣ ደላላ ያመጣላችሁን ወረቀት አትመኑ። አዳማ ላይ ካርታውም ደብዳቤውም በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱና ቃል በቃል ይተርጉምላችሁ፣ ካሬው፣ የይዞታው ዓይነት፣ አገልግሎቱ መኖሪያ ይላል ወይስ ሌላ፣ አጎራባቾቹ። ከዛ ሜትር ይዛችሁ ሄዳችሁ ቦታውን ለኩት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስትየዋም ትፈርማለች። ውሉም ውልና ማስረጃ ቀርቦ የሚመዘገብ እንጂ ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የሚቋጭ አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ግብር እንዳይበዛ ብለው ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ይሏችኋል። እምቢ በሉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው፣ ቀሪው ብር ማስረጃ የለውም።


ፎርማን 22 ዓመት፦

ቤት ሰርቼ ነው የኖርኩት አዳማም ሞጆም መቂም። ሰው ኮንዶሚኒየም ነው ግቢ ነው ሲል እሰማለሁ እኔ ግን ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጥጉንና ጣሪያውን ነው።

ጭቃ ቤት መጥፎ አይደለም። ሰው ይንቀዋል እንጂ በደንብ የተሰራ ጭቃ ቤት ለአዳማ ሙቀት ከብሎኬት ይሻላል ቀን ይቀዘቅዛል። በ2017 ታህሳስና ጥር ላይ በፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛም ጋ ሌሊት ሲያነቃን የነበረ ጊዜ ሰው ሁሉ ስለ ጭቃ ቤት ነበር የሚጨነቀው፣ እኔን ያስጨነቀኝ ያለ ኮለንና ያለ ቢም (ያለ ኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) የተደረደረው ብሎኬት ነው፣ እንጨት ያለው ቤት ትንሽ ይወዛወዛል፣ ብሎኬት ብቻውን ግን አይወዛወዝም ይሰነጠቃል። የጭቃ ቤት ጠላቱ ምስጥና ውሃ ነው። ካቻቢቴ ይዘሽ ሂጂ፣ የማዕዘኑን ምሰሶ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ልስኑን ፈንቅለሽ እንጨቱን ውጊው፣ እንደ ዳቦ ከገባልሽ ቤት አልገዛሽም ቦታ ነው የገዛሽው። እሱም ችግር የለውም ቦታ እየገዛሽ እንደሆነ አውቀሽ ከከፈልሽ። ማፍረስና እንደገና መስራት ደግሞ የግንባታ ፈቃድ ነው ፕላን ነው፣ የሱ ገንዘብ አላችሁ ወይ?

ጅምሩን በተመለከተ ከላይ ያለችው እህት እውነቷን ነው። እኛ ሰራተኞች ጋ ፊኒሺንግ ከስትራክቸሩ አያንስም ይባላል፣ በኔ ልምድ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጅምር ላይ የምታይው፦ ኮለኖቹ ላይ ፌሮ ወጥቶ ዝጎ የሚታይ ካለ፣ ዝናብ ስንት ክረምት መታው፣ በመስኮት ጥግ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አለ ወይ። ቀጥ ያለች የልስን ስንጥቅ አታስፈራም፣ ሰያፉ ግን ፋውንዴሽኑ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በጋ ተሰነጣጥቆ ታይዋለሽ እግርሽ እስኪገባ ድረስ፣ ዋልካ ላይ ፋውንዴሽን ስንት ሜትር ወረደ ብለሽ ጠይቂ፣ የሰራውን ሰው ፈልገሽ። ሴፕቲክ ታንኩ የት ነው የተቆፈረው? ጎርፍ ለማወቅ ደግሞ ጎረቤት አጥር ግርጌ ላይ እይ፣ ውሃ የተኛበት ግንብ ላይ መስመር ይተዋል፣ ቀለም ቢቀቡት እንኳ ከስር ልስኑ ይልጣል።

ባለቤትሽን ለብቻው ሳይሆን አንድ የምታውቁት ግንበኛ ይዞ ይሂድ። የቀን ዋጋውን ከፍላችሁት። ሦስት ሚሊዮን ለምታወጡበት ነገር የአንድ ቀን ክፍያ ምንም አይደለም።


ወንጂ ተወልጄ፦

ወደ ዳር ያለው ጅምር ላይ የምጨምረው፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? የከተማው መስመር ደርሷል ወይስ የጉድጓድ ነው? ይሄን የምለው እኔ ወንጂ ነው ያደግኩት የኛ እድሜ ልጆች ጥርሳችን ቡናማ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው የሚመክረው፣ ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድን አያወጣውም። በጥርስ ብቻም አያበቃም ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ይጎዳል። አምስት ዓመት ልጅ ያላችሁ ናችሁ፣ ቋሚ ጥርሷ ገና ሊወጣ ነው። ጉድጓድ ከሆነ አስመርምሩት፣ ወይ ለመጠጥ ሌላ ውሃ አስቡ።


ብድር ክፍል ነበርኩ፦

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም እኔ ላንሳው። ባንክ ሰባት ዓመት ሰርቻለሁ አሁን ለቅቄያለሁ።

ባንክ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ አይደለም፣ የራሱ መሐንዲስ በገመተው ላይ ነው፣ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገበያው ዝቅ ይላል። እኔ በሰራሁበት ባንክ ለጭቃ ቤት የሚገመተው በጣም ትንሽ ነበር ምክንያቱም ባንክ ቦታ ሳይሆን ቤት ነው የሚገምተው መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው። ስለዚህ 4 ሚሊዮን የተባለው ጭቃ ቤት ላይ 900 ሺህ ከባንክ እናገኛለን ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ ቀብድ ሳትከፍሉ ባንኩን ጠይቁ። ጅምሩ ላይም ካርታ ከሌለው ወይም የግንባታ ፈቃዱ ካለፈበት ከባድ ነው። ኮንዶሚኒየም ካርታ ያለው ለባንክ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ሂሳቡን እንስራው። 600 ሺህ በ17 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ብትወስዱ (ወለዱ እንደየባንኩ ይለያያል፣ እኔ ለምሳሌ ነው) በወር ወደ 10,400 ብር ነው፣ አጠቃላይ የምትመልሱት 1 ሚሊዮን ከ250 ሺህ አካባቢ ይመጣል። 1.2 ሚሊዮን ብትወስዱ እጥፍ ነው በወር ወደ 20,800። የአሁን ኪራያችሁ ስንት ነው? ወለድ የማትፈልጉ ከሆናችሁ ደግሞ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉ ግን እሱም ትርፍ አለው፣ ነፃ ብድር ማለት አይደለም። ጊዜውንም አስቡ፣ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገድቦ ነበር ኋላ ላይ ከፍ ቢያደርገውም ወረፋው አሁንም ከባድ ነው፣ በሁለት ሳምንት ይለቀቃል ብላችሁ ሻጭ ጋ ቀን ቆርጣችሁ እንዳትፈርሙ።

ከዋጋው በላይም ወጪ አለ። ቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፣ 3.6 ላይ 72 ሺህ ማለት ነው፣ ደላላውም 2 በመቶ ካለ ሌላ 72 ሺህ፣ የስም ዝውውሩ አለ፣ የቤት ግምት አለ፣ የእቃ ማጓጓዣ አለ። 3.1 ይዛችሁ ሁሉንም አራግፋችሁ ቤቱ ውስጥ እንዳትገቡ፣ ቢያንስ የስድስት ወር የባንክ ክፍያ እጃችሁ ላይ ይቅር።


አፓርታማ ከፍዬ፦

አጭር ነው የኔ። አዳማ ላይ ሳይሆን ሌላ ከተማ ገና መሰረቱ ላይ የነበረ አፓርታማ 30 በመቶ ከፈልኩ። በ24 ወር ነበር የሚያስረክቡኝ፣ አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል። ውሌ ላይ የእቃ ዋጋ ከጨመረ ገዢው ልዩነቱን ይከፍላል የሚል አንቀጽ ነበር፣ አነበብኩት ግን ምን ማለት እንደሆነ ብር እስኪወርድ ድረስ አልገባኝም። ካለቀ በኋላ የሚሸጥ ከሆነ ግዙ። ያላለቀ ከሆነ ደግሞ ልቀቁ የተባላችሁት ሚያዝያ ነው፣ ይሄ ለናንተ አይሆንም።


አባ መኮንን ሰፈር፦

ልጄ እኔ እድሜዬ ሄዷል ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ችግሩ ነው። እኔ ግን ግቢውን ነው የምልሽ። አዳማ ውስጥ 40 ዓመት ኖሬያለሁ አራት ልጅ ያሳደግኩት በደመወዜ አይደለም፣ ከኋላ በሰራኋቸው ሦስት ሰርቪሶች ኪራይ ነው። ተማሪ አይጠፋም ዩኒቨርሲቲው አለ፣ አሁን ደግሞ የፋብሪካ ሰራተኛ አለ። ኮንዶሚኒየም እንደገዛሽው ነው የሚቀረው አንዲት ክፍል አትጨምሪበትም። ግቢ ግን ልጅ ሲያድግ ክፍል ትጨምሪለታለሽ፣ ሐዘን ቢመጣ ድንኳን ትተክያለሽ፣ ሰርግ ቢሆን ድንኳን ትተክያለሽ። የእናትሽ ጎመን ቀላል ነገር አይደለም፣ በሽንኩርትና በጎመን የምታተርፊውን በዓመት አስቢው። ወራሾቹ ከተሟሉና ካርታው ንጹህ ከሆነ ያንን 160 ካሬ እኔ ብሆን አልለቀውም።


ውል ፀሐፊው፦

አባቴ ልክ ነዎት፣ "ከተሟሉ" የሚለው ላይ ነው ነገሩ ያለው።


ባለ አራተኛ ፎቅ፦

አባ የሰርቪስ ኪራዩ እውነት ነው ግን ተከራይም ሥራ ነው፣ ውሃ ሂሳብ ማን ይክፈል፣ ማታ ማን በር ይክፈት፣ ሁለቱም ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ናቸው ሸክሙ ሁሉ እናትየዋ ላይ ነው የሚወድቀው። ደግሞ እህቴ ኮንዶሚኒየም ማለት 3ኛ ፎቅ ብቻ ማለት አይደለም እኮ፣ ግራውንድ ወይ አንደኛ ፎቅ ለምን አትፈልጉም? እዛው ብሎክ ውስጥ ጥበቃውን ጠይቂው፣ ማን ሊሸጥ እንዳሰበ ከደላላ በፊት የሚያውቀው ጥበቃ ነው። ከመግዛትሽ በፊት የጋራ ሕንፃ ማህበሩ ጋ ሄደሽ ባለቤቱ ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈለ እዳ እንዳለበት ጠይቂ፣ ቤቱን ስትገዢ በሕጉ የማህበሩ አባል ነው የምትሆኚው፣ አልፈልግም የሚባል ነገር የለም።


የሚጡ እናት፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁላችሁንም እያሰብኩ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጭቃ ቤቱን አባ እንዳሉኝ መጀመሪያ እሱን ነው የያዝነው፣ እማዬም ደስ ብሏት ነበር። ወራሾቹ ስድስት ናቸው፣ አንዷ ጣሊያን ናት፣ ውክልና ትልካለች ይላሉ ግን ስልክ ስጡን እናናግራት ስንል ነገ ዛሬ አሉን። ታናሽየው ደግሞ ለብቻው ለባለቤቴ ደውሎ እኔ መሸጡን አልፈልግም አለው። እዛ ላይ ተውነው። አባ አይዘኑብኝ፣ ወረቀቱ ቢሞላ ኖሮ እሱ ነበር የምንገባበት።

ጅምሩን ባለቤቴ ግንበኛ ይዞ ሄደ። ግንበኛው ቤቱ ደህና ነው አለ፣ ኮለኑ ጥሩ ነው፣ ግን ከተማው ውሃ መስመር አልደረሰም፣ የሚጠቀሙት ጉድጓድ ነው፣ የሚቀረውን ሥራ ቆጥሮ ሲነግረው ባለቤቴ ማታ ራቱን ሳይበላ ተኛ። እኔ ምንም አላልኩትም። ጠዋት ራሱ "አሁን አይደለም" አለኝ።

ከዛ ጥበቃውን ጠየቅነው። እዛው ሳይት ሌላ ብሎክ ላይ 1ኛ ፎቅ ባለ ሁለት መኝታ የሚሸጡ ባልና ሚስት አሉ፣ ወደ ሐዋሳ ተቀይረው ነው። 3.75 ብለው 3.7 ላይ ተስማማን። እማዬን ወስጃት ደረጃውን ራሷ ወጣች፣ መሃል ላይ አንዴ ቆመች፣ ላይ ስትደርስ በረንዳውን አይታ በባልዲም ጎመን ይበቅላል አለችኝ። እዳና እገዳውን እኛው ሄደን ጠይቀናል ነገ ነው የሚሰጡን፣ 750 ሺህ ከባንክ ጠይቀናል፣ በወር 13 ሺህ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ኪራያችን 9 ሺህ ነበር፣ ልዩነቱን ከሱቁ እንችለዋለን ብለን አስበናል። የቀረውን የኛን ብር ሁሉንም አላወጣንም፣ ለባንኩና ለቴምብሩ የሚሆን አስቀምጠናል። ለዚህ ደግሞ እህቴን 300 ሺህ ጨምሪልኝ ብዬ ለምኛታለሁ እሺ ብላኛለች።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ባንኩ እስኪለቅ ሻጮቹ ቀብድ ይፈልጋሉ፣ ባንኩ እምቢ ቢለን ቀብዱ ይበላል ማለት ነው?


ውል ፀሐፊው፦

ዝም ብለሽ ከከፈልሽ አዎ ይበላል። ስለዚህ የቀብዱ ውል ላይ እንዲህ ብለሽ አስጽፊ፦ የባንክ ብድሩ በዚህ ቀን ውስጥ ካልተፈቀደ ሻጭ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፣ ውሉም ያለ ቅጣት ይቀራል። ቀኑን ባንኩ ከነገረሽ ላይ አንድ ወር ጨምሪበት። ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ሐዋሳ ስለሄዱ አንዱ በውክልና ከሆነ የሚፈርመው ውክልናውን ውልና ማስረጃ ወስደሽ አሳዪና ይታይልሽ።


ፎርማን 22 ዓመት፦

ቁልፍ ከመቀበልሽ በፊት አንድ ቀን ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ሄደሽ ሁሉንም ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቺና ሽንት ቤቱን ልቀቂው። ከዛ ታች ወርደሽ የግራውንዱን ሰው ጣሪያቸው ላይ እርጥበት ካለ ጠይቂያቸው። ምጣድ የምትሰኩበትንም መስመር ኤሌክትሪሺያን ይየው፣ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ከመግባትሽ በፊት አስቀይሪው፣ ከገባሽ በኋላ ግድግዳ መፈንቀል ነው።


የሚጡ እናት፦

እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው ፈረቃቸው፣ ባለቤቴን ይዤ እሄዳለሁ።